ከዓመታት በኋላ ወደ መጽሐፍ ንባብ ሲመለሱ

በተማሪነት ዘመንዎ አንድ ልቦለድ በሁለት ቀን ይጨርሱ ነበር። አሁን ግን ሁለት ገጽ ሳያነቡ ዓይንዎን ያቃጥልዎታል፣ ሐሳብዎ ይበተናል፣ መጽሐፉም ትራስጌ እንደተቀመጠ ይከርማል። ብዙ ሰው ይህን «ሰነፍኩ» ብሎ ያልፈዋል። ዕድሜዎ 40 ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ከስንፍናው በፊት ዓይንዎን ይጠርጥሩ።

በዚህ ዕድሜ በዓይናችን ውስጥ ያለው ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ በቅርብ ያለን ነገር አጥርቶ ማየት ይከብዳል። ይህ ፕሪስባዮፒያ ይባላል፤ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ እንጂ በሽታ አይደለም። ለማንበብ መጽሐፉን ከፊትዎ እያራቁ ይይዛሉ፣ ማታ በመብራት ፊደሉ ይደበዝዝብዎታል፣ ካነበቡ በኋላ ራስዎን ያምዎታል። የእኛ ፊደላት ደግሞ ብዙዎቹ የሚለያዩት በትንሽ ጭረት ነው፤ በደቃቅ ፊደል የታተመ አሮጌ መጽሐፍ ቢያታክትዎ አይፍረዱበት።

መፍትሔው የንባብ መነጽር ነው። መንገድ ላይ የሚሸጠው ለጊዜው ሊረዳ ይችላል፤ የሁለቱ ዓይኖችዎ አቅም እኩል ካልሆነ ግን አይስማማዎትም። ከዚህም በላይ ግላኮማ ብዙውን ጊዜ ያለ ሕመም ዓይንን ስለሚጎዳ፣ የስኳር ሕመምም እንዲሁ፣ መነጽር ከመግዛትዎ በፊት ቢመረመሩ ይመረጣል። እይታዎ በድንገት ከቀነሰ፣ ብርቱ የዓይን ሕመም ወይም አዲስ ብልጭታ ከታየዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

የዓይኑ ነገር ከተስተካከለ በኋላ ስልኩ ይቀራል። ስልክዎን ሌላ ክፍል ያስቀምጡና 10 ደቂቃ ብቻ ያንብቡ። ሲጀምሩ ታሪኩን የሚያውቁትን መጽሐፍ ይምረጡ። ለምሳሌ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ በሬዲዮ ሰምተውት ከሆነ፣ ሐሳብዎ ቢሄድ እንኳ ካቆሙበት ለመቀጠል አይቸገሩም። የገጹ ብዛት አያስፈራዎት፤ ፈተና የለበትም።

ትኩር ብለን ስናነብ ዓይናችንን የምናርገበግበው ከወትሮው ባነሰ መጠን ስለሆነ ይደርቃል። በየ20 ደቂቃው ቀና ብለው 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር ለ20 ሰከንድ ይመልከቱ።

መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ቀድሞ ይወዱት የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላዎት፣ እንቅልፍና ምግብም ከተዛባ፣ ይህም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ድባቴ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ራስዎን ለንባብ አያስገድዱ፤ ለሐኪም ይንገሩ።