ልብ የወለደው ታሪክ እንዴት ይነበባል?

ፊደል ቆጥራችኋል። ደብዳቤ ታነባላችሁ፤ የግብር ደረሰኝም ታነባላችሁ። አሁን ደግሞ ወፈር ያለ መጽሐፍ ለመክፈት ደርሳችኋል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ስለ ልብ ወለድ እንነጋገራለን።

በየመማሪያ ጣቢያው ልብ ወለድ ስናነሳ አንድ ጥያቄ ይመጣል። «ይህ ነገር እውነት ነው ወይስ ውሸት? ውሸት ከሆነ ለምን ዓይናችንን እናደክማለን?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልስም ይፈልጋል።

ልብ ወለድ ምንድን ነው?

ቃሉ ራሱ ይናገራል። ልብ የወለደው ማለት ነው። ደራሲው በልቡ አስቦ የፈጠረው ታሪክ ነው። በ1900 ዓ.ም. አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሮም ከተማ ውስጥ አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። ስሙንም «ልብ ወለድ ታሪክ» አሉት። ዛሬ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ልብ ወለድ እንለዋለን።

ልብ ወለድና ውሸት አንድ አይደሉም። ውሸታም እንድናምነው ብሎ ይዋሻል። የታመመ በሬ ገበያ አውጥቶ «ጤነኛ ነው» የሚል ሰው ገንዘባችንን ይፈልጋል። ደራሲ ግን ከመጀመሪያው «የፈጠርኩት ነው» ይለናል። ተረትስ እንዲሁ አይደል? ጅብና አህያ ሲነጋገሩ የሰማ ሰው የለም። ነገር ግን ልጆች ከተረቱ ስለ ሞኝነትና ስለ ብልጠት ይማራሉ።

እንግዲህ አስቀድማችሁ በእጃችሁ ያለው ወረቀት ምን እንደሆነ እወቁ። የፍርድ ቤት መጥሪያ ወይም የብድር ውል ከሆነ እያንዳንዷ ቃል ትይዛችኋለች። ቀኑንና ቁጥሩን ደጋግማችሁ እዩ። ልብ ወለድ ከሆነ ግን ሌላ ዓይነት አነባበብ አለው።

አራት ነገሮችን እንፈልግ

ለምሳሌ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንውሰድ። ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁ ናቸው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስለተረከውም ፊደል ሳይቆጥሩ ታሪኩን የሰሙ ብዙ ናቸው።

1ኛ. ገጸ ባሕርይ። በታሪኩ ውስጥ የሚኖር ሰው ነው። በዛብህ የድሃ ገበሬ ልጅ ነው፤ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማረ። ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። ፊታውራሪው በዘራቸው የሚመኩ ባላባት ናቸው። ሰዎቹ የተፈጠሩ ናቸው። ጠባያቸውን ግን እናውቀዋለን፤ እንዲህ ያለ ሰው በየአገሩ አለና።

2ኛ. መቼት። ይህ ቃል «መቼ» እና «የት» ተጋጥመው የወለዱት ነው። ታሪኩ የሆነበት ጊዜና ቦታ ማለት ነው። የዚህ ታሪክ ዋናው ቦታ ጎጃም ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስ ይነሳል። ጊዜው የባላባት ዘመን ነው። ደራሲው ጎጃም ተወልደው በዚያው በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ናቸው። ሰዎቹን ከልባቸው ቢያወጡም አገሩን ያውቁታል።

3ኛ. ግጭት። ያለ ግጭት ታሪክ አይሄድም። ሰው ከሰው ይጋጫል፦ ፊታውራሪ መሸሻ ከባላገሮቻቸው ጋር ይዋጋሉ። ሰው ከልማድ ይጋጫል፦ በዛብህና ሰብለ ይዋደዳሉ፤ የዘር ልዩነት ግን መሐላቸው ይቆማል። ሰው ከራሱም ይጋጫል፦ በዛብህ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ልጅ ነው፤ ስለቱና ፍቅሩ ልቡ ውስጥ ይታገላሉ።

4ኛ. ጭብጥ። ከታሪኩ ሁሉ ሥር ያለው ዋና ሐሳብ ነው። «ምን ሆነ?» ብለን ስንጠይቅ የምናገኘው ታሪኩን ነው። «ይህ ሁሉ ምን ያሳየናል?» ስንል ጭብጡ ይመጣል። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ በዘር መመካት ሰውን እንዴት እንደሚጎዳ እናያለን። ጭብጥ ግን ተጽፎ አይሰጥም። አንባቢው ራሱ ፈልጎ ያወጣዋል። ሁለት አንባቢዎች ሁለት ጭብጥ ቢያወጡም አያስገርምም፤ ሁለቱም ከመጽሐፉ ምክንያታቸውን ያሳዩ።

ማን ነው የሚናገረው?

ይህን በደንብ እንያዝ። ገጸ ባሕርይ የሚናገረው ሁሉ የደራሲው ሐሳብ አይደለም። ፊታውራሪ መሸሻ ስለ ዘራቸው ሲኩራሩ መጽሐፉ «ልክ ናቸው» አላለም። በዚያው መጽሐፍ ካሳ የሚባል ሰው አለ። ልማዱን ስለሚነቅፍ ሰዎች «ጉዱ ካሳ» ይሉታል፤ እንደ እብድ ያዩታል። ታዲያ ማን ነው ጤነኛው? ደራሲው ሁለቱንም ያናግራሉ። እንደ ሽማግሌ ተቀምጠን ግራ ቀኙን ሰምተን የምንፈርደው እኛ ነን።

ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ድሮ ሌላ ሰው ያነብልን ነበር። አንባቢው የፈለገውን ቢዘል፣ የፈለገውን ቢያጎላ አናውቅም። አሁን ግን ራሳችን እናነባለን። ካልገባን ወደ ኋላ ገልጠን እናያለን። «ይህን ያለው ማን ነው? ለምን አለ?» ብለን እንጠይቃለን። ይህን የለመደ ሰው ስብሰባ ላይም፣ ገበያም፣ ሽምግልና ላይም ነገር ሳይመዝን አይቀበልም።

ልምምድ

ማታ ከቤተሰባችሁ ጋር ሆናችሁ ከልጅነታችሁ የምታውቁትን አንድ ተረት አንሱ። ከዚያ መልሱን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።

1. ገጸ ባሕርያቱ እነማን ናቸው?
2. መቼቱ የት ነው? መቼ ነው?
3. ማን ከማን ጋር ተጋጨ? በምን ምክንያት?
4. ጭብጡ ምንድን ነው? በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት።
5. በተረቱ ውስጥ ከተናገሩት መካከል የማንን ቃል አትቀበሉም? ለምን?

አምስተኛው ጥያቄ ከባድ ነው። ከጎረቤታችሁ ጋር ተከራከሩበት። ባትስማሙም ምክንያታችሁን ጻፉ።