የህብለ ሰረሰር የደም ዝውውር ችግሮች

የህብለ ሰረሰር የደም ዝውውር ችግሮች በአከርካሪ አጥንት ውስጥ ለሚያልፈው የነርቭ ገመድ የሚደርሰው ደም ሲቋረጥ፣ ሲያንስ ወይም ከደም ሥር ወጥቶ ሲፈስ የሚከሰቱ ሕመሞች ናቸው። ከአንጎል ስትሮክ እጅግ ያነሱ ቢሆኑም ጤነኛን ሰው በሰዓታት ውስጥ መራመድ ሊያሳጡት ይችላሉ።

ህብለ ሰረሰር ደም የሚያገኘው ቁመቱን ተከትለው ከሚወርዱ 3 ደም ቅዳዎች ነው። ከፊት ያለው አንዱ ብቻውን የገመዱን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይመግባል፤ ከኋላ ያሉት ሁለቱ የቀረውን ይካፈላሉ። የፊተኛው ከአኦርታ በሚመጡ ቅርንጫፎች ይታገዛል፤ ትልቁ ቅርንጫፍ የአዳምኪየቪች ደም ቅዳ ሲባል ብዙውን ጊዜ በግራ በኩል በደረት የታችኛው ክፍል ይገባል። የአኦርታ ግድግዳ መሰንጠቅ ወይም በአኦርታ ላይ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና አንዳንዴ እግርን ሽባ የሚያደርገው ከዚህ የተነሳ ነው።

የፊተኛው ደም ቅዳ ሲዘጋ ድንገተኛ የጀርባ ሕመም ይነሳል፣ እግሮች ይዝላሉ፣ ሽንት ይታገዳል። ሕመምተኛው የመርፌ ውጋትንና ሙቀትን አይለይም። ዓይኑን ጨፍኖ ግን የእግሩ አውራ ጣት ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች መታጠፉን ያውቃል፤ ይህን ስሜት የሚያደርሱት ነርቮች ከኋላ ናቸውና። ለዚህ ምርመራ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም።

ሌላው ዓይነት ቀስ ብሎ ይመጣል። ደም ቅዳ ያለአግባብ ከደም መልስ ጋር በቀጥታ ሲገናኝ በደም መልሱ ውስጥ ግፊት ይጨምራል፤ ገመዱም በወራት ወይም በዓመታት ይጎዳል። በብዛት የሚታየው ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ወንዶች ስለሆነ የወገብ ወይም የፕሮስቴት ሕመም ነው ተብሎ ይታለፋል። ይህ ያሳዝናል፤ መገናኛው በጊዜ ከተዘጋ ጉዳቱን ማስቆም ይቻላልና።

በአዳማ አካባቢ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ሕመም አለ። ከከተማዋ በስተደቡብ በምትገኘው ወንጂ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከተጀመረው የሸንኮራ አገዳ መስኖ ጋር የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣዎች በቦዮቹ ተራብተዋል። ትሉ በአንጀት ደም መልሶች ይኖራል፤ እንቁላሎቹ አልፎ አልፎ በአከርካሪ ዙሪያ ባሉ ደም መልሶች በኩል የህብለ ሰረሰርን የታችኛው ጫፍ ይደርሳሉ። ጉዳቱ በዋናነት ከብግነት የሚመጣ ስለሆነ ፕራዚኳንቴልና ስቴሮይድ ይሰጣል። የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳና ጓያም እግርን ያሰናክላሉ፤ የጓያ ሕመም ግን ስሜትን እምብዛም አይነካም።

ለመለየት ኤም አር አይ ይረዳል፤ ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምስሉ ጤናማ ሊመስል ይችላል። እስከዚያው የደም ግፊት እንዳይወርድ መጠበቅ የሕክምናው ዋና ክፍል ነው።