በባቡር ወደ ጡለይጡላ፦ ቶሌዶን በአንድ ቀን ለሚጎበኙ



በአውሮፓ የሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች ስለ አንደሉስ ሲያነሱ ቶሎ ወደ አፋቸው የሚመጡት ቁርጡባና ገርናጣ፣ ማለትም የዛሬዎቹ ኮርዶባና ግራናዳ ናቸው። ይገባቸዋልም። ነገር ግን ለሥራ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ማድሪድ ሄዶ አንድ ቀን ብቻ የተረፈው ሰው ሁለቱንም አይቶ መመለስ አይችልም። ለእንዲህ ዓይነቱ መንገደኛ ከማድሪድ በስተደቡብ፣ በፈጣን ባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ የምትርቅ አንዲት ጥንታዊ ከተማ አለች። ስፔኖች ቶሌዶ ይሏታል፤ የዐረብኛ የታሪክ ኪታቦች ደግሞ ጡለይጡላ። ጣሪቅ ኢብን ዚያድ በ8ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከገባባት ጊዜ አንስቶ እስከ 1085 ድረስ፣ ከ370 ዓመት በላይ በሙስሊሞች አስተዳደር ሥር ነበረች። (የሂጅራ ካላልን በስተቀር እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኛም በአስጎብኚ ከሚመራ ቡድን ጋር ሄደን አይተናታል። ጉዞው ራሱ ቀላል ነው። ችግሩ ሌላ ነው። በከተማዋ ውስጥ ለሙስሊም እንግዳ ከሁሉ የሚበልጠው ቦታ በጉብኝት ዝርዝሮች ላይ የሚጻፈው ጨርሶ በማይገመት ስም ነው። አስቀድሞ ያልጠየቀ ሰው በአጠገቡ አልፎ ሊመለስ ይችላል።

በመጀመሪያ ስለ ባቡሩ። የሚነሳው ማድሪድ ከሚገኘው ትልቁ የአቶቻ ጣቢያ ነው። አቫንት የሚባለው ፈጣን ባቡር በ2005 በተከፈተው መስመር 33 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ወንበሩ በቁጥር ስለሆነ ቆሞ መሄድ የለም፤ በተለይ ቅዳሜና እሁድ ቲኬቱ ቀድሞ ያልቃል። ስለዚህ መሄጃውንም መመለሻውንም አስቀድሞ መግዛት ነው። ሻንጣና ቦርሳ በመፈተሻ ማሽን ስለሚያልፍ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ መድረስ ይሻላል፤ ፓስፖርት ወይም መታወቂያም አይረሳ።

የአስጎብኚ ድርጅቶች አሠራር ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዶቹ አቶቻ ላይ ሰብስበው፣ የባቡሩን ቲኬት ጨምረው፣ ይዘው ሄደው ይዘው ይመልሳሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ራሳችሁ ኑ፣ ቶሌዶ አደባባይ ላይ እንገናኝ» ይላሉ። ቋንቋ የማይቸግረው ሰው ሁለተኛውን ቢመርጥ እንላለን። ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ከአስጎብኚ ጋር ዞሮ ቀሪውን ቀን ለራሱ ያደርጋል፤ ለሶላትም ለእግርም እፎይታ ነው።

ቀኑንም መምረጥ ያስፈልጋል። ሰኞ ከጥንቶቹ ቤቶች አንዳንዶቹ ዝግ ናቸው። እሁድ ጠዋት ካቴድራሉ በራሱ ሥርዓት ይያዛል። ጁሙዓን ደግሞ ማድሪድ ሆኖ በ1992 በተከፈተው ትልቁ የኢስላም ማዕከል መስጂድ መስገድ የተሻለ ነው። ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ይመረጣል።

ቶሌዶ ስትደርሱ ከጣቢያው ቶሎ አትውጡ። በ1919 የተከፈተው ይህ ሕንፃ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ቅስቶች፣ በተጠረበ እንጨትና በሸክላ ንጣፍ ያጌጠ ነው፤ የመስጂድ ደጃፍ የቆማችሁ ይመስላችኋል። አሠራሩ «ሙደጃር» ከሚባለው ጥበብ የተቀዳ ነው። ሙደጃር የሚባሉት ከተሞቻቸው በክርስቲያን ነገሥታት እጅ ከወደቁ በኋላ በዚያው የቀሩት ሙስሊሞች ናቸው። ግንበኝነቱ፣ አናጢነቱና የሸክላ ሥራው በእነርሱ እጅ ስለነበር ቤተ ክርስቲያኑንም ምኩራቡንም በለመዱት መንገድ ሠሩት። በ1502 የካስቲል ነገሥታት «ወይ ተጠመቁ ወይ ውጡ» የሚል ዐዋጅ እስኪያወጡ ድረስ በከተማዋ ኖረዋል። ከአራት መቶ ዓመት በኋላ የባቡር ጣቢያ የሠራው መሐንዲስ የከተማዋን መልክ ፈልጎ የሄደው ወደ እነርሱ ነው።

ከጣቢያው በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ሲሄዱ ታሆ የተባለው ወንዝ ላይ ትደርሳላችሁ። ወንዙ ከተማዋን በሦስት ጎን ከቧታል፤ አራተኛው ጎን በግንብ የታጠረ ነው። የምትሻገሩበት ድልድይ ስሙ አልካንታራ ነው። ዐረብኛ የቀራ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ «አል-ቀንጠራ»፣ ድልድዩ ማለት ነው። ስለዚህ ስፔኖች «የድልድዩ ድልድይ» ነው የሚሉት። ሽቅብ ወጥታችሁ የምታገኙት፣ ቡድኖች የሚገናኙበት ዋና አደባባይም ሶኮዶቬር ይባላል፤ «ሱቅ አድ-ደዋብ» ከሚለው የመጣ ነው። የጋማና የቀንድ ከብት የሚሸጥበት ገበያ ነበር፤ በእኛ አነጋገር ከብት ተራ መሆኑ ነው። ዛሬ ጎብኚ ቡና የሚጠጣበት ቦታ ነው።

መንገዱ ዳገትና ኮብልስቶን ነው። የሐረር ጀጎልን ጠባብ መተላለፊያዎች የሚያውቅ አይደነግጥም፤ ቢሆንም አዛውንት ወይም የሕፃን ጋሪ ይዞ የሚሄድ ከጣቢያው አውቶቡስ ቢይዝ ይሻለዋል። ከሰሜን በኩል ለሚገቡ ሽቅብ የሚያወጣ የኤሌክትሪክ ደረጃም ተሠርቷል።

አስጎብኚዎች ቶሌዶን «የሦስቱ ባህሎች ከተማ» ብለው ይጀምራሉ። ሙስሊም፣ ክርስቲያንና አይሁድ አብረው የኖሩባት ለማለት ነው። እውነትነት አለው፤ ግን ታሪኩ እንዴት እንደተቋጨም ማወቅ ያስፈልጋል። በ11ኛው መቶ ዓመት ጡለይጡላን ያስተዳድሩ የነበሩት በኑ ዚን-ኑን የተባሉ ቤተሰቦች ነበሩ። ከእነርሱ አል-መእሙን የተባለው ገዢ በ1072 ከወንድሙ ሸሽቶ የመጣውን የክርስቲያን ንጉሥ አልፎንሶ 6ኛን ተቀብሎ አስጠለለው። በ13ኛው ዓመት፣ አል-መእሙን ካረፈ በኋላ፣ ያው እንግዳ ጦር ይዞ መጣ፤ የአል-መእሙን የልጅ ልጅ አል-ቃዲርም ከተማዋን በስምምነት አስረከበ። ከስምምነቱ አንዱ ትልቁ መስጂድ ለሙስሊሞች እንዲቀር ነበር። ብዙም ሳይቆይ ቃሉ ፈርሶ መስጂዱ ቤተ ክርስቲያን ተደረገ። ከ1226 ጀምሮ በቦታው ላይ የተገነባው ነው ዛሬ ጎብኚ ሁሉ የሚሰለፍለት ካቴድራል።

ብዙዎቹ ጉብኝቶች ካቴድራሉን ይጨምራሉ፣ ረጅም ሰዓትም ይወስዳል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ለጉብኝት መግባትን በተመለከተ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት አላቸው፤ እያንዳንዱ የሚተማመንበትን ዓሊም ይጠይቅ። መግባት የማይፈልግ ሰው ገና ሲመዘገብ ለአስጎብኚው ይንገር። እኛ የነገርነው በሩ ላይ ደርሰን ስለነበር የቲኬቱን ዋጋ ከከፈልን በኋላ ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በከተማዋ ሰሜናዊ በር አጠገብ፣ በዳገቱ ላይ፣ ስፋቱ ስምንት ሜትር በስምንት ሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ የጡብ ሕንፃ አለ። የጥንት ስሙ የባብ አል-መርዱም መስጂድ ነው። በጉብኝት ዝርዝሮች ላይ ግን የምታገኙት «ክሪስቶ ዴ ላ ሉዝ» ተብሎ ነው፤ «የብርሃኑ ክርስቶስ» ማለት ነው። ይህን ስም አይቶ መስጂድ ነው ብሎ የሚያስብ ማን አለ? በስፓኒሽ «ሜስኪታ» የሚል ቃል ከፊቱ ካያችሁ መስጂድ ማለት ስለሆነ እርሱን ፈልጉ። ስትመዘገቡም «እዚያ ውስጥ እንገባለን ወይስ በውጭ እናልፋለን?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።

ውስጡ አራት ዓምዶች አሉ። ራሶቻቸው ከሙስሊሞች በፊት ከነበረው የቪሲጎቶች ዘመን ሕንፃ የተወሰዱ ናቸው። ዓምዶቹ ወለሉን ዘጠኝ ቦታ ይከፍሉታል፤ ከእያንዳንዱ በላይ ትንሽ ጉልላት አለ፤ የጉልላቶቹ የጡብ ጅማት አሠራር ከዘጠኙ አንዱም ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። አንገታችሁ እስኪደክም ቀና ብላችሁ ታያላችሁ። በ12ኛው መቶ ዓመት ሕንፃው ለክርስቲያን ባላባት ወታደሮች ማኅበር ሲሰጥ አንድ ክብ የመሠዊያ ክፍል ተቀጠለበት።

እኛን ያቆመን ግን ከውጭ ያለው ነው። መንገዱ ላይ፣ ከመስጂዱ ፊት፣ ከሌሎቹ የተለየ አንድ ነጭ ድንጋይ ተነጥፏል። አስጎብኚያችን ቡድኑን በድንጋዩ ዙሪያ አቁሞ አፈ ታሪኩን ተረከ፦ አልፎንሶ በድል ሲገባ ፈረሱ እዚህ ተንበረከከ፤ ግድግዳው ሲፈርስ ለዘመናት ሳይጠፋ ሲበራ የኖረ መብራትና የክርስቶስ ምስል ተገኘ ይባላል። ሁሉም አጎንብሶ ድንጋዩን ፎቶ አነሳ። ከራሳቸው በላይ፣ ከጣሪያው በታች፣ ጡቡ ራሱ እየወጣ እየገባ የሠራው የኩፊ ጽሑፍ አለ። በአላህ ስም ይጀምራል። መስጂዱን አሕመድ ኢብን ሐዲዲ የተባለ ሰው በራሱ ገንዘብ፣ ምንዳውን ከአላህ ፈልጎ እንዳሠራው ይናገራል። ሙሳ ኢብን ዐሊ የተባለው ግንበኛና ሰዓዳ የተባለ ሰው ሥራውን እንደመሩ፣ በሙሐረም ወር 390 ዓመተ ሂጅራ እንደተጠናቀቀም ይገልጻል። በአውሮፓውያኑ 999 ማብቂያና 1000 መግቢያ ላይ መሆኑ ነው። ንጉሥ አይደለም ያሠራው፤ ግለሰብ ነው። ከሺህ ዓመት በላይ ስሙ እዚያው ነው።

አስጎብኚውን አልወቀስነውም፤ ስንጠይቀው ጽሑፉን በደንብ ያውቀው ነበር፣ ደስ ብሎትም አስረዳን። ያልጠየቀው ቡድን ግን ሳይሰማው አልፏል። እኛም ብንሆን ቁርኣን የምንቀራ ሰዎች ቆመን አንዲት ቃል እንኳ መለየት አቅቶን ነበር። የኩፊ ፊደል ነጥብ ስለሌለውና በጡብ ስለተሠራ ያስቸግራል። የጽሑፉን ንባብ አስቀድማችሁ በስልካችሁ ይዛችሁ ብትሄዱ ፊደል በፊደል መከተል ትችላላችሁ፤ ልጆች ካሉ በጣም ይወዱታል።

ሌላው ሊጠየቅ የሚገባው ስለ ትርጉም ሥራው ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት ጣሊያናዊው ጄራርድ ዘክሬሞና የበጥሊሞስን አልመጀስጢ ፍለጋ ቶሌዶ መጥቶ ዐረብኛ ተማረ። የኢብን ሲናን «አል-ቃኑን» ጨምሮ ከ70 በላይ ሥራዎችን ወደ ላቲን መለሰ። መጻሕፍቱ እዚህ የተገኙት ከተማዋ ከዚያ በፊት የሊቃውንት መቀመጫ ስለነበረች ነው። የከዋክብት ተመራማሪው አዝ-ዘርቃሊ በየትኛውም ኬክሮስ የሚሠራ አስጠርላብ የነደፈው በዚህች ከተማ ነበር። ከጣቢያው አቅራቢያ ያለው አንደኛው ዘመናዊ ድልድይ ዛሬም አሳርኪዬል ተብሎ በእርሱ ስም ይጠራል። ጊዜ ካላችሁ በ14ኛው መቶ ዓመት የተሠራውን ኤል ትራንሲቶ የተባለውን ምኩራብም እዩ፤ በግድግዳው ላይ ከዕብራይስጡ ጋር ዐረብኛ ተቀርጿል።

ስለ ሶላት አንድ ነገር እናስታውስ። ከማድሪድ ቶሌዶ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኞቹ ዑለማዎች ለማሳጠር ያስቀመጡት ርቀት ደግሞ ከ80 ኪሎ ሜትር ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ማድሪድ ነዋሪ የሆነና ከሌላ አገር የመጣ መንገደኛ ጉዳያቸው አንድ ላይሆን ይችላል፤ ቀድሞ መጠየቅ ነው። በበጋ ዙህር የሚገባው በስፔን ሰዓት 14፡15 አካባቢ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ከሩብ ነው፤ ዐስር ከአራት ሰዓት ያህል በኋላ ስለሚገባ ከጉብኝት በኋላ ይደርሳል። በክረምት ግን ቀኑ አጭር ነውና ሁለቱም ቶሌዶ እያላችሁ ይገባሉ። ጥንታዊው መስጂድ በቲኬት የሚጎበኝ ቅርስ እንጂ የሚሰገድበት አይደለም። የውዱእ ውሃና ቀላል መስገጃ ይያዝ፤ ከወንዙ ዳር ጸጥ ያለ ቦታ አይጠፋም።

ምግብ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ካርካሙሳስ የሚባለው የከተማዋ ታዋቂ ወጥ የአሳማ ሥጋ ነው። ከአቶቻ በእግር የሚደረስበት ላቫፒየስ ሰፈር ሐላል ሱቆችና ምግብ ቤቶች ስላሉ ከዚያ ስንቅ መያዝ ነው። ከአልመንድ ፍሬና ከስኳር የሚሠራው ማርዚፓን ግን የቶሌዶ መታወቂያ ነው፤ አልኮል የተጨመረበት እንዳይሆን ማሸጊያውን አንብባችሁ ለቤተሰብ ይዛችሁ መመለስ ትችላላችሁ።

ከመመለሻው ባቡር በፊት አንድ ሰዓት ከተረፋችሁ ወደ ባብ አል-መርዱም ተመለሱ። ጽሑፉ ያለበት ግድግዳ ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለሚያይ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ፊደሎቹ ጎልተው ይወጣሉ። መንገድ ላይ ቆሞ ለማንበብ ቲኬት አያስፈልግም።