ሌላ ሥራ እየሠሩ መታጠብ ይቻላልን?

መታጠብ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው ውሃ ነው። ሁለተኛው ውሃውን የሚያፈስልን ሰው ነው። ስለ ውሃው ሁላችንም እናወራለን። ስለ አፍሳሹ ግን የሚያወራ የለም።

ባገራችን ማዕድ ሲቀርብ አንዱ ማንቆርቆሪያና ማስታጠቢያ ይዞ ይዞራል። ሌላው እጁን ይዘረጋል። ታጣቢና አስታጣቢ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሰው ሲታጣስ ምን እናደርጋለን? ማንቆርቆሪያውን በጉልበታችን መካከል እናጣብቀዋለን። እረኛ ደግሞ ውሃውን በአፉ ይይዝና በእጁ ላይ እየተፋ ይታጠባል። ሙስሊም ወገኖቻችንም ለሶላት ብቻቸውን ውዱእ ሲያደርጉ በአንዱ እጅ እያፈሰሱ ሌላውን ያጥባሉ፤ ከዚያ ያፈራርቃሉ። ሰው የተሰጠው ሁለት እጅ ነው፤ መታጠብ ግን ሦስት እጅ ይጠይቃል።

አሊዩ አምባን እንውሰድ። አሊዩ አምባ ከአንኮበር በስተምሥራቅ ቁልቁል ሲወርዱ የምትገኝ ከተማ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የታወቀ የዓርብ ገበያ ነበራት። ከታጁራ ጠረፍ ተነሥተው በረሃውን ያቋረጡ ነጋዴዎች አቧራቸውን ይዘው እዚያ ይደርሱ ነበር። ደገኛውና ቆለኛው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ የሚገናኝባት ቦታ ናት። እንዲህ ባለ አገር የሚታጠብ ሰው አይጠፋም። አሁን አንዲት እናት እናስብ። እጇ ሊጥ ነክቷል። ልጇ ዓይኑ ዓር ይዞ፣ ዝንብ ወርሮት እያለቀሰ ይመጣል። እጇን ሳትታጠብ ልጁን አትነካም። ማንቆርቆሪያውንም በሊጥ እጇ አታነሣም። የሚያስታጥባት የለም። ስለዚህ ልጁ «ቆይ» ይባላል። ከዚያ ይረሳል።

የሰለጠነው ዓለም ሰዎችም በዚህ ነገር ተጨንቀዋል፤ የነሱ ጭንቀት ግን ሌላ ነው። እነሱ የሚቸግራቸው ጊዜ ነው። ሌላ ነገር እያደረጉ መታጠብ ይፈልጋሉ።

በ1962 ዓ.ም. በጃፓን አገር በኦሳካ ከተማ ትልቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ተደርጎ ነበር። ሳንዮ የተባለው ኩባንያ እዚያ ሰው የሚያጥብ መኪና አሳየ። መኪናው እንደ ትልቅ እንቁላል ነው። ታጣቢው እውስጡ ይቀመጣል፤ ራሱ ብቻ ወደ ውጭ ይቀራል። ሙቅ ውሃ ይመጣል። ጆሮ የማይሰማው የድምፅ ሞገድ በውሃው ውስጥ አረፋ እየፈጠረ እድፉን ያስለቅቃል። ትናንሽ ኳሶች ገላውን ያሹታል። በመጨረሻም ሙቅ ነፋስ ያደርቀዋል። ሁሉም በ15 ደቂቃ ያልቃል። ታጣቢው ጣቱን እንኳ አያነሣም። ሕዝቡ ተገርሞ አየው፤ ነገር ግን መኪናው በየቤቱ ሳይገባ ቀረ። ነገሩ እንዲሁ ተረስቶ አልቀረም። በ2017 ዓ.ም. በዚያው በኦሳካ በተደረገው ኤግዚቢሽን አንድ ሌላ ኩባንያ አዲስ መኪና ሠርቶ አቀረበ። የአሁኑ የታጣቢውን የልብ ትርታ ይለካል፤ እየታጠበም ሥዕል ያሳየዋል። እኛ ግን አንድ ጥያቄ አለን። ውሃውን ማን ይቀዳለታል?

ከጃፓኑ በፊት በፈረንሳይ አገር ሌላ አስቂኝ ነገር ታስቦ ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት ነው። አንድ የማይሄድ ብስክሌት ተሠራ። ሰውየው ራቁቱን ይወጣበትና ፔዳሉን ይመታል። ፔዳሉ ውሃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ውሃው እንደ ዝናብ ይወርድበታል። እንግዲህ ጉልበቱን እያጠነከረ ይታጠባል ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ የዋለ ገበሬ ይህን ቢያይ ሳይስቅ አይቀርም። ቢሆንም ከሁለቱ ለኛ የሚቀርበው የፈረንሳዩ ነው። ለምን ቢሉ፣ የማፍሰሱን ሥራ ለእግር ሰጥቶታል። እጅ ነፃ ወጣ ማለት ነው።

ለእኛ ኑሮ የሚስማማው ዘዴ የተገኘው ከዚሁ ከአፍሪካ ነው። በዚምባብዌ አገር ዶክተር ጂም ዋት የተባሉ ሰው ውሃ የያዘ ቅል በገመድ አንጠልጥለው፣ ነካ ሲያደርጉት እያዘነበለ በጥቂቱ የሚያፈስ መታጠቢያ ሠሩ። ኋላ በቅሉ ፈንታ ጀሪካን ገባ፤ በእጅ ፈንታ ደግሞ እግር ገባ። ባገራችንም የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በብዙ ቀበሌ ይህንኑ ማስተማር ተለምዷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ባላ እንጨት በወገብ ልክ ይተከላል። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ይፈለጋል። ሚስማር በእሳት ይጋልና ከጀሪካኑ አንገት ዝቅ ብሎ፣ በመያዣው ተቃራኒ በኩል፣ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳ ይበሳል። አግዳሚው እንጨት በጀሪካኑ መያዣ ውስጥ አልፎ በባላዎቹ ላይ ይጋደማል። ከዚያ በጀሪካኑ አንገት ላይ ገመድ ይታሠራል። የገመዱ ሌላ ጫፍ መሬት ላይ ባለ ዱላ ላይ ይታሠራል። ይህ ዱላ መርገጫው ነው። ሲረገጥ አንገቱ ይጎነበሳል፤ ውሃው በቀዳዳው ይወርዳል። እግር ሲነሣ ጀሪካኑ በራሱ ክብደት ተመልሶ ቀጥ ይላል፤ ውሃውም ይቆማል። ውሃ ሲሞላ ከቀዳዳው በታች መቅረት አለበት፤ አለዚያ ሳይረገጥም ይፈሳል። ክዳኑንም ማጥበቅ አያስፈልግም። አየር ካልገባ ውሃ በደንብ አይወጣም። ከሥሩ ጠጠር ይደረግ፤ ጭቃ እንዳይሆን። ሳሙናው በገመድ ይንጠልጠል፤ ላዩ ላይም ጣሳ ይደፋበት። ቁራ ሳሙና እንደሚወድ እናውቃለን። ሳሙና ከሌለ አመድ ይበቃል።

በጣሳ ስንታጠብ ብዙው ውሃ እጃችንን ሳይነካ መሬት ላይ ይቀራል። በመርገጫ ግን ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ነው የሚወርደው፤ 5 ሊትር ብዙ ሰው ያስታጥባል። ውሃ በጀርባ ተሸክሞ ዳገት ለሚወጣ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ያችን እናት አንርሳት። የልጇ ዓይን ዓር ነገር ቀላል አይደለም። ትራኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ በዝንብ፣ በእጅና በጨርቅ ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅም ወደ እናት ይሄዳል። የአማራ ክልል በዚህ በሽታ እጅግ ከተጎዱት የዓለም ክፍሎች አንዱ ነው። በሽታው ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ ከውስጥ ይጠባሳል። ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። የዓይን ፀጉር ብሌኑን ይፍቃል። ሰውየው ቀስ በቀስ ይታወራል። ልጅ የሚያሳድጉት እናቶች ስለሆኑ ከወንድ ይልቅ ሴት ትጎዳለች። መድኃኒቱም፣ ቀዶ ሕክምናውም አለ፤ ፊት ካልታጠበ ግን በሽታው ተመልሶ ይመጣል። መርገጫውን ረግጣ በአንድ እጇ ልጁን ይዛ፣ በሌላው ፊቱን ልታጥብ የምትችል እናት «ቆይ» አትልም። የአምስት ዓመት ልጅ ደግሞ ማንንም ሳይጠራ ራሱ ይታጠባል። እንዲያውም እንደ ጨዋታ ነው የሚያየው፤ እየረገጠ ውሃውን እንዳይጨርስ ነው የሚያስፈራው።

ብዙ ቦታ ይህ መታጠቢያ ተሠርቶ ከጥቂት ወር በኋላ ደርቆ ይገኛል። ገመዱ ይበጠሳል፤ የሚቀጥለው የለም። ወይም ውሃው ያልቃል፤ የሚሞላው የለም። አባትየው «የሴት ሥራ ነው» ይላል፤ እናትየው ከወንዝ እስክትመለስ ይመሻል። እንደ እኛ አስተያየት ጀሪካኑን መሙላት ባላውን የተከለው ሰው ሥራ ቢሆን ይሻላል። ገመድም ሁለት ሦስት ተዘጋጅቶ ይቀመጥ።

ሌላው ችግር በየአገሩ ይለያያል። በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ደጋ ጠዋት ውሃው ይቀዘቅዛል፤ ልጆች ይሸሹታል። እዚያ ጀሪካኑ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል ቢተከል፣ ፊት የማጠቡም ነገር ረፋድ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ወደ አሊዩ አምባ ሲወረድ ብርዱ ይቀራል፤ እዚያ ጠላቱ ምስጥ ነው። ስለዚህ ባላው ከመተከሉ በፊት መሬት የሚገባው ጫፉ በእሳት ለብለብ ይደረግ። በየጊዜውም እየነቀነቁ ማየት ነው።