አጭር ፊልምና የአገው ፈረስ

በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የዓድዋን ድልና የፈረስን ውለታ በማሰብ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። በዚያን ዕለት ወደ እንጅባራ ካሜራ አንግቶ የሚመጣው እንግዳ ብዙ ነው። ነገር ግን ፈረሱን አንሥቶ ፈረሰኛውን ሳያናግር የሚመለስ እንዳለ ልንሸሽግ አንችልም።

ይህንን ጉድለት አጭር ፊልም ሊሞላው ይችላል እንላለን። አጭር ፊልም በጥቂት ሰዎችና በጥቂት ገንዘብ ሊሠራ ይችላልና። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ከማዘጋጀቱ በፊት እጁን ያፍታታው በአጫጭር ፊልሞች ነበር። የሕይወት አድማሱ ጌታነህ «ኒው አይስ»ም ስለ አንዲት ልጃገረድ የሚያወሳ አጭር ፊልም ሲሆን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ለቬኒስ ፌስቲቫል ተመርጧል።

የፌስቲቫል ሥራ ምንድን ነው? ፊልሞችን ሰብስቦ፣ የተሻሉትን መርጦ፣ ለሕዝብ ማሳየት ነው። ለዚህም አንድ አዳራሽና አንድ ነጭ ሸራ ለመነሻ ይበቃል።

እንግዲህ የእንጅባራና የዳንግላ ወጣቶች ሆይ፣ ፊልማችሁ በአገውኛ ይናገር፤ የአማርኛው ትርጉም ከግርጌ ይጻፍለት። ከመራጮቹም መካከል አንድ አዛውንት ፈረሰኛ ይቀመጡ። የታየው ነገር እውነት መሆኑን ከእርሳቸው ይልቅ የሚያውቅ የለምና።