ልቡ ከቆመ በኋላ የሚመጣ ምጥ

አዋላጂቱ ማዳመጫዋን በእርጉዟ ሆድ ላይ አሳርፋ ስታዳምጥ፣ ቦታውን ለውጣ ደግማ ስታዳምጥ፣ ኋላም ባልደረባዋን ጠርታ ስታስደምጥ፣ በአልጋው ላይ የተኛችው ሴት ነገሩን ማንም ሳይነግራት ከፊታቸው ታነበዋለች። አልትራሳውንድ ባለበት ሥፍራ የሕፃኑ ልብ መቆሙ በምስል ይረጋገጣል፤ በሌለበትም እናቲቱ ወደ ሆስፒታል ትላካለች። ከዚህ በኋላ ግን ከማዋለጃ ክፍል ውጭ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ልብ የማይለው አንድ ነገር ይቀራል፤ ይኸውም ጽንሱ በማሕፀን ሳለ ነፍሱ ብትለየውም መወለዱ የማይቀር ስለሆነ፣ ይህች ሴት ምጡን ከነሙሉ ጣሩ ልታምጥ፣ ደሟን ልታፈስ፣ የእንግዴ ልጁን ልትጠብቅ፣ ከጥቂት ቀን በኋላም ጡቷ ለማንም በማይሆን ወተት ሊሞላ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ28ኛው የእርግዝና ሳምንት ወዲህ የሕይወት ምልክት ሳይታይበት የተወለደውን ሕፃን ሞቶ እንደ ተወለደ ይቆጥረዋል። በዚህ መስፈርት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ዘገባ፣ በዓመት ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ፣ ማለትም በየ16 ሴኮንዱ አንድ ሕፃን፣ ሕይወት ሳይኖረው ወደዚህ ዓለም ይመጣል። ከእነዚህ መካከል ከመቶው ከ40 የሚበልጡት ምጡ ከጀመረ በኋላ የሞቱ መሆናቸውን ስንሰማ፣ ነገሩን ሁሉ ለፈቃደ እግዚአብሔር ብቻ ትተን ማለፍ እንደማይገባን እንረዳለን፤ በጊዜው የደረሰ አዋላጅ፣ በጊዜው የተለካ የደም ግፊት፣ በጊዜው የታከመ ቂጥኝና ወባ ብዙዎቹን ያተርፍ ነበርና።

በአገራችን ይህ ጉዳይ ከአዋላጅነት ሙያ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ የመጡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። ነገር ግን ቀናት በፈጀ ምጥ ተሰቃይተው፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር ተስኗቸው፣ ከሰው ተለይተው የሚኖሩትን የፊስቱላ ሕሙማን ባዩ ጊዜ ልባቸው ወደዚያ ተሳበ፤ የዛሬው የፊስቱላ ሆስፒታልም የዚህ ፍሬ ነው። ስለነዚህ ሴቶች ቁስል ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኞቹ ግን በዚያው ምጥ ልጃቸውንም ያጡ እናቶች መሆናቸው እምብዛም አይወሳም። የሽንቱ መንገድ በቀዶ ሕክምና ሲጠገን፣ ስለ ልጁ የሚጠይቃቸው ማን ነበር? በዶክተር ካትሪን ሐምሊን ስም የሚጠራው የአዋላጆች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2007 መከፈቱ፣ መድኃኒቱ ከቁስሉ በፊት በአዋላጂቱ እጅ እንዳለ የሚመሰክር ነው። ከወሊዶች መካከል በጤና ተቋም የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመቶ 26፣ በ2019 በተደረገው ደግሞ 48 ነበር፤ ስለዚህ ቀድሞ በጎጆ ውስጥ ተሸሽጎ ይቀር የነበረው ኀዘን ዛሬ ከጊዜ ወደ ጊዜ በአዋላጆች ፊት የሚፈጸም ሆኗል።

እንግዲህ አዋላጂቱ ምን ታድርግ? አስቀድሞ እውነቱን በግልጽ ቃል ትናገር። «ትንሽ ችግር አለ» ብሎ ማድበስበስ ለርኅራኄ የቀረበ ቢመስልም፣ እናቲቱን በተስፋና በፍርሃት መካከል አንጠልጥሎ የሚያሰቃይ ነው። «እህቴ፣ የልጅሽ ልብ ቆሟል፤ በጣም አዝናለሁ» ብሎ፣ ዝም ብሎ፣ አጠገቧ መቀመጥ ይሻላል። ብዙ ጊዜ ሴቲቱም ቤተ ዘመዱም ወዲያው «በኦፕራሲዮን ይውጣልን» ይላሉ፤ የተጨነቀ ሰው ይህን ቢል አያስገርምም። ነገር ግን የማሕፀን ጠባሳ የሚቀጥለውን እርግዝና አደጋ ላይ ሊጥል ስለሚችል፣ ሌላ አስገዳጅ ምክንያት ከሌለ በተፈጥሮ መንገድ መውለድ ለእርሷ የሚበጅ መሆኑን በትዕግሥት ማስረዳት ያስፈልጋል። ደም መፍሰስ፣ ከባድ የደም ግፊት ወይም የኢንፌክሽን ምልክት ከሌለባት፣ ምጡ በመድኃኒት እንዲጀመርላት ወይም ጥቂት ቀን እንድትጠብቅ ምርጫው የእርሷ ሊሆን ይገባል፤ ከእነዚህ ሴቶች አብዛኞቹ በሦስት ሳምንት ውስጥ ራሳቸው ያምጣሉ፤ ከአራት ሳምንት በላይ ሲቆይ ግን የደም መርጋት ሥርዓት የሚታወክበት አደጋ አለ። የሕመም ማስታገሻም ከሌላዋ ወላድ ሊጎድልባት አይገባም። የልጁን ደኅንነት የሚያሰጋ ነገር ስለሌለ፣ እንዲያውም በልግስና ሊሰጣት ይቻላል።

ከወሊዱ በኋላ ያለው ሰዓት ከሁሉ የከበደ ነው። በእንግሊዝ አገር እስከ 1970ዎቹ ዓመታት ድረስ ሞቶ የተወለደው ሕፃን ከእናቱ ዓይን ተሰውሮ ወዲያው ይወሰድ ነበር፤ ልጇ የት እንደ ተቀበረ ሳታውቅ ያረጀች እናት ብዙ ናት። ያዘኑ ወላጆች ራሳቸው ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ1978 ሳንድስ የተባለውን ማኅበር ከመሠረቱ ወዲህ ልማዱ ተለወጠና ልጁን ማየትና ማቀፍ ይበረታታ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2002 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ግን ልጃቸውን ያቀፉ እናቶች ላይ ጭንቀትና የመንፈስ መታወክ በርትቶ መታየቱን ስለ ዘገበ ታላቅ ክርክር ተነሣ። ከዚያ ክርክር የተገኘውና እኔም የምቀበለው ፍርድ፣ ማየትንም አለማየትንም በእናቲቱ ላይ መጫን እንደማይገባ ነው፤ አዋላጂቱ የሕፃኑን መልክ አስቀድማ ገልጻ፣ አጥባና ጠቅልላ፣ «ልታዪው ትፈቅጃለሽ?» ብላ ትጠይቅ፤ አሁን እንቢ ያለች ከሰዓታት በኋላ ትፈቅድ ይሆናልና፣ በሩን አትዝጋባት።

በእኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ ከቶ የሚቀርብ አይመስልም። አስከሬኑን ወንድሞች ወይም ጎረቤቶች ይረከቡታል፤ እናቲቱ «አትይው፣ ይብስብሻል» ትባላለች፤ ሳይጠመቅ ላለፈ ሕፃን ፍትሐት ስለማይደረስ፣ ድንኳን ስለማይተከል፣ ቀብሩ በፍጥነትና በዝምታ ይፈጸማል፤ ከዚያም «እንኳን አንቺ ተረፍሽ፣ ልጅ ይተካል» የሚለው ማጽናኛ ይከተላል። ይህን የሚሉት ከፍቅር የተነሣ መሆኑን አልጠራጠርም። ዳሩ ግን ቤተ ክርስቲያናችን በትውፊቷ፣ በግብፅ የባርነት ዘመን ጭቃ ስትረግጥ ምጥ የመጣባትንና ልጇ ከጭቃው ጋር የተረገጠባትን ራሔልን አልረሳቻትም፤ እንባዋ ወደ ጸባዖት ደረሰ ብላ ታስተምራለች እንጂ «ሌላ ትወልጃለሽ» ብላ አላሳለፈቻትም።

ሌላው በደል ከአልጋ አሰጣጥ የሚመጣ ነው። በብዙ ጤና ተቋም ልጇን ያጣችው እናት ሕፃናት በሚያለቅሱበት፣ ጠያቂ ገንፎ ይዞ በሚገባበት በዚያው ክፍል ትተኛለች። የተለየ ክፍል ቢታጣ እንኳ መጋረጃ፣ የጥግ አልጋ፣ ባሏ ወይም እናቷ አጠገቧ እንዲያድሩ መፍቀድ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ወተቱ ሲመጣ ምን እንደምታደርግ ሳይነገራት የተሸኘች ሴት፣ በሦስተኛው ቀን ቤቷ ተቀምጣ ቀሚሷ ሲርስ የሚሰማትን የማያውቅ ሰው ጥቂቷን ምክር እንደ ትርፍ ነገር ሊያያት ይችላል፤ እኔ ግን ከመድኃኒቱ አላሳንሳትም።

መንግሥት በጤናው ዘርፍ የለውጥ ዕቅዱ «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ለማፍራት ወስኖ ነበር፤ የእናቶችን ሞት መመርመር የጀመረው ሥርዓትም ኋላ በወሊድ ሰሞን የሚያልፉትን ሕፃናት እንዲጨምር ተደርጓል። ሞቱ የሚመረመርበት ቅጽ ካለ፣ ያች እናት ተመልሳ የምትመጣበት ቀን፣ የሞቱ ምክንያት የሚነገርበት ቃል፣ ስለሚቀጥለው እርግዝና የምትመከርበት ሰዓት ደግሞ ስለ ምን አይኖርም? ልጁን በእጇ ተቀብላ በማግስቱ ወደ ሥራዋ የምትመለሰው አዋላጅስ፣ አይዞሽ የሚላት ማን ነው?

የጤና ቢሮ ኃላፊዎችና የአዋላጅ ኮሌጅ መምህራን ሆይ፣ ይህን ትምህርት ከደም መፍሰስና ከምጥ መጓተት ትምህርት ጎን አስቀምጡት፤ በየማዋለጃውም አንድ ጥግ ለእነዚህ እናቶች ለዩ። ጎረቤቶችም፣ ገንፎውን አገንፍታችሁ ወደ ቤቷ ሂዱ፤ ወልዳለችና እንደ ወላድ ጠይቋት።