የተረጂው ቅሬታ የሚሄድበት መንገድ

የእርዳታ እህል ለማን እንደደረሰና ለማን እንዳልደረሰ ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው ተረጂው ነው። የእርዳታ ድርጅቶች ይህን እውቀት የሚያገኙት በሁለት መንገድ ነው፦ ባለሙያ ልከው በመጠየቅና ተረጂው ራሱ የሚያቀርበውን ቅሬታ በመቀበል። የመጀመሪያው ክትትል ነው፤ የሚያገኘውም መልስ ከጥያቄው አያልፍም። ቅሬታ ግን ማንም ሊጠይቅ ያላሰበውን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ አንዱ የሌላውን ቦታ ሊተካ አይችልም።

ዓለም አቀፉ ደንብ የተበጀው ከከባድ ጥፋቶች በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ከሩዋንዳው የዘር ጭፍጨፋ በኋላ ወደ ዛየር በሸሹ ስደተኞች ካምፖች ውስጥ በጭፍጨፋው እጃቸው ያለበት መሪዎች የእህል ክፍፍሉን ተቆጣጥረውት ነበር። ይህ ውድቀት ካነሣሣቸው ሥራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው ስፌር የተባለው የዝቅተኛ መመዘኛዎች ዝግጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን የስደተኛ ካምፖች እርዳታ አዳዮች ምግብን የወሲብ መደለያ እንዳደረጉት የሚያጋልጥ ሪፖርት ወጣ። በቀጣዩ ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ድርጊቱን የሚከለክል መመሪያ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የሰብዓዊ ሥራ ዋና መመዘኛም ከዘጠኙ ግዴታዎቹ አንዱን ለቅሬታ አቀባበል መደበ።

በኢትዮጵያ ቅሬታ የመስማት ረጅም ልምድ ካላቸው ሥራዎች አንዱ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት ነው። በዚህ ፕሮግራም የምግብ እጥረት ዓመት ከዓመት የሚደጋገምባቸው ቤተሰቦች በቀበሌ ደረጃ ይመለመላሉ። መሥራት የሚችሉት በእርከንና በመንገድ ሥራ ተሰማርተው ክፍያ ያገኛሉ፤ አቅመ ደካሞች ያለ ሥራ ይረዳሉ። የምልመላው ስም ዝርዝር ለሕዝብ ይቀርባል፤ አላግባብ ቀርቻለሁ የሚል ሰው ለቀበሌው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል። መልማዩ ግብረ ኃይልና አቤቱታ ሰሚው እንዲለያዩ መደረጉ የአሠራሩ ዋና ጥበብ ነው። ችግሩ ቀበሌ ትንሽ አገር መሆኑ ላይ ነው። መልማዩና አቤቱታ ሰሚው ይዛመዳሉ፣ በአንድ እድር ይቀመጣሉ፤ አመልካቿ መበለት ደግሞ ማዳበሪያም የመታወቂያ ወረቀትም የምትጠይቀው እዚያው ቀበሌ ነው። ዛሬ ብትከስ ነገ የምትለምነው ያንኑ ሰው ነው። ዝም ብላ የምትሄደው መብቷን ስለማታውቅ ብቻ አይደለም፤ ዋጋውን አስልታ ነው።

ክትትሉም የራሱ ፈተና አለው። በአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ለአንድ ሰው በወር የተለመደው ድርሻ 15 ኪሎ ስንዴ ወይም ሌላ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። ከስርጭት በኋላ ቤት ለቤት የሚዞረው ባለሙያ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ እህል ያገኛል። መሐል ላይ የሰረቀ ሰው ሊኖር ይችላል። ያልተመዘገቡ ጎረቤቶች እንዳይራቡ መንደሩ እህሉን እኩል ተካፍሎትም ሊሆን ይችላል። መካፈሉ በብዙ የኢትዮጵያ ገጠሮች የተለመደ ነው፤ አንዳንዴ በፈቃድ፣ አንዳንዴም በሹማምንት ግፊት ይፈጸማል። በቅጹ ላይ የሚሞላው ቁጥር ለሦስቱም አንድ ነው። ሌብነትን ከመተሳሰብ፣ መተሳሰብንም ከግዴታ መለየት የሚቻለው ጊዜ ወስዶ ሰዉን በቋንቋው፣ አዳዩ በሌለበት በማነጋገር ነው። ለዚህ የሚመደበው ጊዜ ሁልጊዜም ከሚያስፈልገው ያነሰ መሆኑ ያሳዝናል።

የአሠራሩ ክፍተት ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል የታየው በ2015 ዓ.ም. ነው። በትግራይ የእርዳታ እህል ከመጋዘን ወደ ገበያ መውጣቱ ሲታወቅ የአሜሪካው የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመጀመሪያ በክልሉ፣ ከዚያም በሰኔ ወር በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቆሙ። በአገሪቱ እርዳታ የሚፈልገው ሕዝብ በዚያን ጊዜ 20 ሚሊዮን ገደማ ይገመት ነበር። በማያውቁት ሌብነት ምክንያት ራት ያጡት እነዚሁ ናቸው። በትግራይ ደግሞ ከዚያ በፊት በነበረው ጦርነት ሁለት ዓመታት ስልክ በአብዛኛው ተቋርጦ ስለነበር ነፃ የጥቆማ መስመር ቢኖርም ደዋይ አልነበረውም።

እርዳታው በ2016 ዓ.ም. ደረጃ በደረጃ ሲመለስ አሠራሩ ተቀየረ። ተረጂዎች በዲጂታል መንገድ እንደገና ተመዘገቡ፤ የእህል ጭነት ከወደብ እስከ ማደያ ጣቢያ ድረስ ክትትል ተደረገበት፤ በምልመላና በስርጭት ላይ የመንግሥት አካላት ሚና ቀነሰ፤ የቅሬታ መስመሮችም ተጠናከሩ። ዲጂታል ምዝገባ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይወስድ ያግዳል፤ ከመዝገቡ የቀረችውን እናት ግን አያውቃትም። እሷን የሚያስታውሳት ቅሬታዋን የሚሰማ ሰው ብቻ ነው።

የትኛው መስመር ለማን እንደሚሆን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። የአስተያየት ሳጥን ማንበብና መጻፍ ለማይችል ሰው አይሆንም፤ በቀበሌው በር ላይ ከተሰቀለማ ማን ወረቀት እንደከተተ ሁሉም ያያል። ስልክ ምስጢር ይጠብቃል፤ ሆኖም በብዙ ቤት ስልኩ የባል ነው፤ መልስ ሰጪውም አማርኛ ብቻ ከተናገረ ለሶማሌዋ ወይም ለአፋሯ እናት መስመሩ እንደተዘጋ ይቆጠራል። በስርጭት ቀን የሚዘረጋው የቅሬታ ጠረጴዛ ለቀላል ጉዳይ ይበጃል፤ ለካርድ መጥፋት፣ ለሚዛን መጉደል፣ ለስም ስህተት። ወሲባዊ ብዝበዛን የመሰለ ጥቆማ ግን በተለየ መንገድ፣ ሴት ባለሙያ ተቀብላው በቀጥታ ወደ ሠለጠነ መርማሪ መድረስ አለበት። በዚህ ላይ ድርድር ሊኖር አይገባም።

ቅሬታው ከተመዘገበ በኋላ የሚሆነው ነገር ከአቀባበሉ ይበልጣል። በመዝገብ ቁጥር ይያዛል፣ እንደ ክብደቱ ይለያል፣ ኃላፊ ይመደብለታል፣ የመልስ ቀን ይቆረጥለታል። ብዙ ድርጅቶች በሪፖርታቸው የሚያሳዩት የተቀበሉትን ብዛት ነው፤ መለካት የነበረበት ግን ስንቱ አመልካች መልስ እንዳገኘና በመልሱ ምክንያት ምን እንደተለወጠ ነው። «አይቻልም» የሚል መልስ እንኳ ምክንያቱ ተነግሮ ሲሰጥ አመልካቹ ሁለተኛ ጊዜ ይመጣል። ጭራሽ መልስ ያላገኘ ግን አይመለስም፤ ጎረቤቱንም ያስቀራል። ስለዚህ ቅሬታ በድንገት የጠፋበት ወረዳ ሰላም ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ ባለሙያ ሊላክበት ይገባል።

ከጥር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ የውጭ እርዳታ መቀነስና በዚያው ዓመት ሰኔ የዩኤስኤአይዲ መዘጋት ይህን ሥራ ጎድቶታል። በጀት ሲያጥር እህሉን ለማትረፍ ሲባል ቀድሞ የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ የክትትል ባለሙያውና የስልክ መልስ ሰጪው ነው። ሆኖም ድርሻ ሲቀንስና ከዝርዝር የሚሰረዘው ሰው ሲበዛ «ለምን እኔ?» የሚለው ጥያቄ ይጨምራል፤ የሚጨምረውም ቅሬታ ተቀባዩ ከጠረጴዛው ላይ በተነሣበት ጊዜ ነው።